ሬዲዮው ጤነኛ ነው

ዛሬ ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ፎጣ ፍለጋ ስወጣ አማቴ ሚስቴን በሹክሹክታ ሲለምኗት ሰማሁ። «መስኮቱ ጋ ስንደርስ አንቺ ትናገሪልኛለሽ» ይሏታል። «እኔ ወረቀቱን እሰጣለሁ። የሚጠይቁኝን ግን አንቺ መልሺልኝ።» አባት ልጁን ሲለምን መስማት ምን ያህል እንደሚከብድ የሰማ ያውቀዋል። ደግሞስ ማን ሆነው ነው? እኚህ ሰው ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በትልቁ የአውቶቡስ መናኸሪያ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጠው፣ የትኛው አውቶቡስ በየትኛው በር በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ሲያውጁ የኖሩ ናቸው። በድምፃቸው በልተዋል፤ በድምፃቸው ልጅ አስተምረዋል፤ እኔና ሚስቴ የምንኖርበትን ይህንን ቤትም የገዙት በድምፃቸው ነው። ጡረታ ሲወጡ ዝም ብሎ መቀመጥ አልሆን አላቸውና በረንዳውን በመስታወት አዘግተው፣ ፈቃድ አውጥተው፣ የአማተር ሬዲዮ ተከሉ። ጣሪያው ላይ ሽቦ ዘረጉ። ከዚያ ወዲህ እንደ እሳቸው ሬዲዮ ካላቸው ሰዎች ጋር ጠዋትና ቀትር ላይ ሲጫወቱ ኖሩ። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ያንን ፈቃድ ለሰጣቸው መሥሪያ ቤት ሊመልሱ ነው። ለምን ቢባል፣ አፋቸው አርጅቷል፣ ቃል ማውጣት ተስኗቸዋል። እሳቸው ራሳቸው ናቸው እንዲህ የሚሉት።

«እሺ አባዬ» አለች ሚስቴ። እኔም ፎጣውን ትቼ ፊቴ እየተንጠባጠበ ተመለስኩ። ቁርስ ላይ ሦስታችን ቀረብን። ጠረጴዛችን ከግድግዳ ጋር የተጣበቀች ስለሆነች አንድ ሰው ሁልጊዜ ግድግዳ እያየ ይበላል። ድሮ ያ ሰው እኔ ነበርኩ፤ ከአራት ወር ወዲህ ግን ማንም ሳይጠይቃቸው አማቴ ቦታውን ወሰዱት። «ሻይ ልጨምርልህ?» ትላቸዋለች፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ኮትህን ተኩሼዋለሁ፤ ሰማያዊውን ነው አይደል የምትለብሰው?» ትላቸዋለች፤ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ድሮ እኮ ስለ አንዲት ዳቦ አነሰች በዛች ግማሽ ሰዓት የሚያወሩ ሰው ነበሩ። ጋዜጣውን ከነጨረታ ማስታወቂያው ጮክ ብለው ያነቡልን ነበር፤ «ኧረ ሻዩ ቀዘቀዘ አባዬ» እስክትላቸው ድረስ። አሁንም ያነባሉ፤ ግን በረንዳቸው ላይ፣ በሩን ዘግተው፣ እርሳስ በጥርሳቸው ነክሰው ነው። ምላስ ያፍታታል ብሎ የነገራቸው ሰው አለ። እኛ ከበሩ ወዲህ ሆነን ያልሰማን እንመስላለን፤ እሳቸውም ከበሩ ወዲያ ያልተሰሙ ይመስላሉ። እንዲህ እያስመሰልን አራት ወር ኖርን።

ልወጣ ስል ትከሻቸውን መታ መታ አድርጌ «አይዞዎት አባባ፣ እርጅና ለማንም አይቀርም» አልኳቸው። አፌን ቆርጦ ይጣለው። «አይቀርም ልጄ» አሉኝ፣ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዷን ቃል ድንጋይ እንደሚሻገር ሰው እየረገጡ። ከልቤ አዘንኩላቸው። ደግ አማች የሆንኩ መስሎኝ፣ በራሴ ደስ እያለኝ፣ ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ።

ሬዲዮ የምጠግንባት ሱቄ፣ ሱቅ ከተባለች፣ ከአንድ ጫማ ሰፊ ጎን፣ ከደረጃ ሥር የተወሸቀች ናት። ግራና ቀኝ እጄን ብዘረጋ ሁለቱን ግድግዳ እነካለሁ። መደርደሪያው ላይ ባለቤት የረሳቸው ቴፖች፣ ሆዳቸው የተከፈተ ማጉያዎች፣ በጠርሙስ በጠርሙስ የተከፋፈሉ ብሎኖች አሉ። ከጫማው ቤት የማስቲሽ ሽታ ይገባልኛል፤ ከእኔ የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ይሄድለታል፤ ተቻችለን እንኖራለን። በከተማው ውስጥ አማተር ሬዲዮ ያለው ሰው ሁሉ ደንበኛዬ ነው ማለት ይቻላል። ቢበዙ ሃያ ናቸው። ግን ሥራቸው እርስ በርስ ማውራት ስለሆነ፣ አንዱ ጋ የተመሰገነ ጥገና በማግስቱ ሁሉም ጋ ይመሰገናል፤ የተነቀፈም እንደዚያው። እስከ ዛሬ ነቀፌታ አላውቅም ነበር። «እሱ ጤነኛ ነው ካለ ጤነኛ ነው» ይባልልኝ ነበር። በዚህ ትንሽ እኮራለሁ። ኧረ ትንሽም አይደለም።

ሦስት ሰዓት ላይ ፋርማሲስቷ መጣች። ከገበያው ማዶ መድኃኒት ቤት ያላት፣ ወደ አርባ የምትጠጋ ሴት ናት። ነጭ ጋውኗን ሳታወልቅ ሬዲዮዋን ታቅፋ ገባች። ሬዲዮዋ ከአማቴ ሬዲዮ ጋር መንታ ነው፤ ሞዴሉ ያው፣ የማይክ ቀዳዳው ያው። «ስማኝማ» አለችኝ፣ «ማይኩን ከሠራህልኝ ጀምሮ ዳቦ ጎርሰሽ የምታወሪ ትመስያለሽ ይሉኛል። መጀመሪያ አብሬ ሳቅኩ። አሁን ግን የምለውን ሳይሰሙ 'እሺ፣ እሺ' ነው የሚሉኝ።» ሬዲዮዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ የሱቁን ማይክ ሰካሁበትና ተናገርኩ፤ በሌላ መቀበያ በጆሮ ማዳመጫ አዳመጥኩት። ጥርት ያለ ነው። «ሬዲዮው ጤነኛ ነው» አልኳት፣ እንደ ልማዴ። ትክ ብላ አየችኝ። «ታዲያ የታመምኩት እኔ ነኝ? እኔ በአንተ ማይክ አይደለም የማወራው፤ በራሴ ሞክረው እንጂ።»

ሰባ ዓመት ቢሞላት ኖሮ ምን እንደምላት አውቃለሁ። ከዚህ በፊት ብያለሁና። እሷ ግን አንድ ቃል ተናግራ መድኃኒት ቤት ሙሉ ሰልፈኛ ዝም የምታሰኝ ሴት ናት፤ እርጅና የሚባል ነገር ላላክክባት አልችልም። የራሷን ማይክ ሰካሁና «ተናገሪ» አልኳት። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፋሁት። የሰማሁት ድምፅ የእሷ አልነበረም። የታፈነ፣ ጫፍ ጫፉ የተበላ፣ ምላሱ የከበደበት ሰው ድምፅ ነው። ከአራት ወር በፊት ዳቦ ጋጋሪው፣ የአማቴ የሬዲዮ ጓደኛ፣ እዚሁ ሱቅ መጥቶ «የአባባ ድምፅ እኮ እንዲህ፣ እንዲህ ሆኖ ነው የሚሰማን፣ ምን ነካቸው?» ብሎ አፉን አጣሞ ያሳየኝ ድምፅ ቁርጥ እሱ ነው። ወንበሩን በእጄ ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ማይኩን ፈታሁት። ነገሩ ቀላል ነው፤ ቀላል መሆኑ ነው የሚያቃጥለኝ። ማይክ ውስጥ ያለው ድምፅ ተቀባይ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዓይነት ከሬዲዮው በዚያው በድምፁ ሽቦ ትንሽ ኤሌክትሪክ ካልተላከለት ዲዳ ነው። ሌላኛው ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ማግኔት ውስጥ የተንጠለጠለች ቀጭን የሽቦ ጥቅል ናት፣ ድምፅ ሲነካት ትርገበገባለች፣ በቃ። በዚህችኛዋ ላይ ኤሌክትሪክ ከሄደባት ወደ አንድ ጎን ገፍቶ ይይዛታል፤ እንደ ልቧ መርገብገብ አትችልም፤ የሚወጣው ድምፅ የታነቀ ሰው ድምፅ ይሆናል። የእነዚህ ሰዎች ሬዲዮ ኤሌክትሪክ የሚልክ ነው። እኔ ደግሞ የማይካቸው ተቀባይ ሲሰበር ከአሮጌ ቴፖች ያወጣኋቸውን ባለ ጥቅል ተቀባዮች ገጠምኩላቸው፤ ጠንካራ ናቸው ብዬ። ለፋርማሲስቷ አንድ፣ ለአማቴ አንድ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ። መሃል ላይ አንዲት ካፓሲተር ማስገባት ነበረብኝ፤ ኤሌክትሪኩን ከልክላ ድምፁን የምታሳልፍ፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ፣ ዋጋዋ ከአንድ ክብሪት የማይበልጥ ዕቃ። አላስገባሁም። ያን ቀን ስልክ ሲደወል ነው? ደንበኛ ሲጨቀጭቀኝ ነው? አላስታውስም። ይህን ጥገና መማር የጀመረ ሁሉ በመጀመሪያው ወር ያውቀዋል፤ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ።

መርሳቱስ ይሁን፤ እጅ ይረሳል። ይቅርታ የሌለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አማቴ ያኔውኑ «ልጄ፣ ድምፅዎ ተበላሸ እያሉኝ ነው፤ እስቲ እየው» ብለውኝ ነበር። ሁለት ጊዜ ሬዲዮውን ተሸክሜ ሱቅ ወሰድኩት። ሬዲዮውን ብቻ። ማይኩን ጠረጴዛቸው ላይ ትቼው፤ «እሱን አዲስ አድርጌዋለሁ፣ ምን ይሆናል» ብዬ። ሁለት ጊዜ በሱቄ ማይክ ሞከርኩት፤ ሁለት ጊዜ ጤነኛ ሆነ። በሁለተኛው ጊዜ እራት ላይ፣ ሚስቴ ፊት፣ ከወንበሬ ጋለል ብዬ «አባባ፣ ሬዲዮው ጤነኛ ነው። ምናልባት እርስዎ ቢመረመሩ ይሻላል» አልኳቸው። ድምፄ ራሱ አሁን ጆሮዬ ውስጥ ነው። እሳቸው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ያን ምሽት ጥርት ያለ አማርኛ ነበር የሚናገሩት፤ ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማ ነበር። ግን አንዴ ከተባለ በኋላ እኛም መስማት ጀመርን። «አየህ? 'ሰ'ን ሲናገር» ትለኛለች ሚስቴ፤ «ልክ ነሽ» እላታለሁ። እሳቸውም እየተጠነቀቁ፣ እየፈሩ፣ እየዋጡ መናገር ጀመሩ፤ በመጨረሻ እውነትም ተንተባተቡ። ሐኪም ቤት ተወሰዱ። ሐኪሟ ምንም ስላላገኘች ቫይታሚን አዘዘችላቸው። የሕንፃችን ነዋሪዎች ሰብሳቢ ነበሩ፤ ለቀቁ። ሱቅ ሲገቡ ሚስቴ ቀድማ ትናገርላቸው ጀመር።

ፋርማሲስቷ ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ ትጠብቀኛለች። «አገኘኸው?» አለች። «ትንሽ ነገር ናት» አልኳት። ካፓሲተሯን ገጠምኩ፤ ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ሞከረችው፤ ድምፅዋ እንደ ደወል ወጣ። ደስ ብሏት ሬዲዮዋን ስታቅፍ «እንዲያው ታውቃለህ» አለችኝ፣ «የአባባም ድምፅ ልክ እንደ እኔ ነበር የሚሰማን። እርጅና ክፉ ነገር ነው። ናፍቀውናል በልልን፤ ዛሬም ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እንገናኛለን፤ ባይናገሩ እንኳ ያዳምጡን በላቸው።» ያኔ ልነግራት ይገባ ነበር። «እነግራቸዋለሁ» አልኳት። ልትከፍለኝ ስትል እጄን አራገብኩ፤ «ኧረ ተይው፣ ምን ሠራሁና» አልኩ። ቸር ነው ብላ ሄደች።

ወዲያው ሱቁን ዘግቼ መሮጥ ነበረብኝ። አልሮጥኩም። የአንድ ቴፕ ክዳን ፈታሁ፣ ዘጋሁ፣ እንደገና ፈታሁ። ሰው ጥፋቱን ሲያውቅ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ በደለው ሰው ይመስላችኋል? እኔ ያሰብኩት ስለ ስሜ ነው። ሃያዎቹ ሰዎች ቢሰሙ ነገ ማን ይመጣል? ከዚያ ስለ ሚስቴ አሰብኩ፤ በእሳቸው ቤት እየኖርኩ፣ ብላ ጠጣ እየተባልኩ፣ አባቷን ዲዳ ያደረግኩት እኔ መሆኔን ስትሰማ ስለሚኖራት ፊት። በመጨረሻ፣ ከሁሉ በኋላ፣ እርሳስ ነክሰው ስለሚያነቡት ሽማግሌ አሰብኩ። ያን ጊዜም ቢሆን ልቤ ያመጣልኝ ብልሃት እንጂ እውነት አይደለም። ሹልክ ብዬ ገብቼ ካፓሲተሯን እገጥማለሁ፤ «እስቲ ይሞክሩት» እላቸዋለሁ፤ ይናገራሉ፤ ጓደኞቻቸው «ድምፅዎ ተመለሰ» ይሏቸዋል፤ ቫይታሚኑ ነው ይባላል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ሆድ ይፍጀው። አምስት ሰዓት ሲሆን ለሚስቴ ደወልኩ። «ከመሄዳችሁ በፊት ጠብቁኝ» አልኳት። «ምነው?» «እንዲያው ሬዲዮውን አንዴ ልየው ብዬ።» «አሁን ገና ራሱን አሳምኖ ነው የለበሰው» አለችኝ። «እባክህ ተስፋ አትስጠው። ሬዲዮው ጤነኛ ነው አላልክም እንዴ?» ስልኩን ዘጋሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አራተኛ ሆኜ ተጨቆንኩ። ኪሴ ውስጥ ካፓሲተሯን በወረቀት ጠቅልዬ ይዣታለሁ፤ እንዳትጠፋ በየደቂቃው እዳስሳለሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ሌባ ሳልመስላት አልቀረሁም፤ ቦርሳዋን ወደ ሌላኛው ጎኗ አዛወረች። ቤት ስደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። አማቴ ሰማያዊ ኮታቸውን ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ጫማቸውን ቦርሸው፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ፈቃዳቸው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ጭናቸው ላይ ነው። ከላዩ አንድ ወረቀት አለ፤ ትልልቅ ፊደል ነው። ሳላስበው አነበብኩት። «በንግግር ችግር ምክንያት» ይላል። የጤና ችግር እንኳ አላሉም። ሙሉ ጥፋቱን አፋቸው ላይ ነው የጣሉት።

ሰላም ብዬ ወደ በረንዳው አለፍኩ። ሬዲዮው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ማይኩን ፈታሁ፣ የሽቦ መበየጃ ካውያዬን ሰካሁ። ሚስቴ ከኩሽና ብቅ ብላ «ምንድን ነው የምትሠራው?» አለች። «ጠራርጌ ልተውላቸው ብዬ ነው» አልኳት። ካፓሲተሯን ገጠምኳት። ያው ሦስት ደቂቃ። ክዳኑን ዘግቼ፣ ሬዲዮውን ከፍቼ፣ ወደ መኝታ ቤቱ ተመለስኩና «አባባ፣ ከመሄድዎ በፊት እስቲ አንዴ ይናገሩበት» አልኳቸው።

«ለምን?» አሉ።

«እንዲያው፣ ለመጨረሻ ጊዜ። ጓደኞችዎ ናፍቀውናል ብለዋል።»

ቀስ ብለው ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። «ልጄ፣ ሲያዝኑልኝ መስማት ሰለቸኝ» አሉ። «መጨረሻ ያወራን ቀን ዳቦ ጋጋሪው እንደ ሕፃን ያናግረኝ ጀመር፤ 'በ-ር-ቱ' ይለኛል፣ ቆራርጦ፣ ያልሰማሁት ይመስል። ጆሮዬ እኮ ደኅና ነው።» ይህን ሲናገሩ ቃላቸው ጥርት ያለ ነው፤ እሳቸው ግን አይሰሙትም። ወረቀታቸውን አስተካክለው ያዙ። በዚያች ቅጽበት ብልሃቴን ሁሉ ውሃ በላው። እኚህ ሰው ማይኩን ካልነኩት የኔ ካፓሲተር ምን ይጠቅማቸዋል? ማይኩን የሚነኩት ደግሞ አፋቸው ጤነኛ መሆኑን ካወቁ ብቻ ነው። ያም ሆኖ አንድ እርምጃ ሸሸሁ። «ማይኩ ውስጥ ዝገት አገኘሁ» አልኳቸው፤ «ምናልባት ድምፁን ሳይጎዳው አልቀረም።»

ቀና ብለው አዩኝ። በመናኸሪያው ዘመናቸው አርፍዶ የሚዋሽ ሹፌር ከዓይኑ ነው የሚለዩት ይባል ነበር። «ዝገት ከሆነ» አሉ፣ «ድሮም ነበር ማለት ነው?»

«አባባ» አልኩ። ጉልበቴ መሬት ነካ፤ መንበርከኬን ያወቅኩት ሲያመኝ ነው። «ዝገት አይደለም። እኔ ነኝ። ማይኩን ስሠራው ማስገባት የነበረብኝን ዕቃ ሳላስገባ ዘጋሁት። ድምፅዎን ያነቀው እሱ ነው። ያኔ እየው ሲሉኝ ማይኩን አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ አላየሁትም። አፍዎ አልታመመም። አንድም ቀን አልታመመም።» የቀረውን እንደ ልጅ እየተርበተበትኩ ተናገርኩት፤ ፋርማሲስቷን፣ ሱቁን፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ መደበቄን ሳይቀር። ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መቼ እንደመጣች አላየሁም። እጇ ላይ ያለው ሳህን ውሃ ያንጠባጥባል።

አማቴ ፈቃዳቸውን ከጭናቸው አንስተው አልጋው ላይ አኖሩት። «ሐኪም ቤት» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው፣ «አንዲት ልጅ እግር ሐኪም 'ምላስዎን ያውጡ' አለችኝ። አወጣሁ። 'አ ይበሉ' አለችኝ። ከውጪ ሰልፈኛው ይሰማል። በሰባ ሁለት ዓመቴ 'አ' አልኩ።» ድምፃቸው ከፍ አላለም። ቢጮሁብኝ፣ በጥፊ ቢሉኝ እግዜር ይመስገን ባልኩ ነበር። «አባዬ» አለች ሚስቴ፤ «እኔም እኮ 'ሰ'ን ስትናገር ይከብድሃል ብዬ...» መጨረስ አቃታት። ሳህኑን ኮሞዲኖው ላይ አስቀምጣ ፊቷን በክንዷ ሸፈነች። ወደ እኔ አላየችም። እስካሁንም አላየችኝም።

አማቴ ተነሱ። ኮታቸውን ሳያወልቁ በአጠገቤ አልፈው በረንዳ ገቡና ወንበራቸው ላይ ሳይሆን አጠገቡ ያለችው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። ከሬዲዮው የዳቦ ጋጋሪው ድምፅ ወጣ፤ የተሰበሰበውን ሰው በየተራ ይጠራል። አሮጌው ሹፌር አለሁ አለ። የመሬት ቀያሹ አለሁ አለ። ፋርማሲስቷ ስትገባ «ኧረ ዛሬስ ዳቦውን ዋጥሽው» ብለው ተሳሳቁ፤ «ጠጋኛችን እጁ ይባረክ፣ ገንዘብ እንኳ አልተቀበለኝም» አለች። አማቴ ይህን በጥሞና አዳመጡ። «ና ተቀመጥ» አሉኝ፣ ትልቁን ወንበር በአገጫቸው እያሳዩ። ተቀመጥኩ። ማይኩን አንስተው እጄ ላይ አኖሩት።

«እኔ አፌ ታሟል ብዬ ነው የተሰናበትኳቸው» አሉ። «ለአራት ወር አዝነውልኛል። አሁን ደርሼ ድኛለሁ ብላቸው ተአምር ነው ብለው ደግሞ ይደነቁብኝ? አንተ ንገራቸው።»

«አባባ፣ ሁሉም ደንበኞቼ ናቸው» አልኩ። ማለት አልነበረብኝም፤ ወጣ።

«አውቃለሁ» አሉ። «እኔም ጓደኞቼ ናቸው።»

ሕጉ ባለ ፈቃዱ አጠገብ ካለ ሌላ ሰው እንዲናገር ይፈቅዳል። እሳቸው ደግሞ ክራቫታቸውን እንዳሰሩ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አጠገቤ አሉ። ሚስቴ የበረንዳው በር ላይ ናት። አውራ ጣቴን የማይኩ መናገሪያ ቁልፍ ላይ አደረግኩ። ስንቱን ማይክ እዚሁ ጣቴ ሥር «አንድ፣ ሁለት» ብዬ ሞክሬያለሁ፤ ለሰው የምለው ነገር ኖሮኝ ግን በአንዱም ተናግሬ አላውቅም። ተጫንኩት። የአማቴን የጥሪ ስም፣ ፈቃዳቸው ላይ ያለውን የሬዲዮ መለያ፣ ተናገርኩና ለቀቅኩት። በአንድ ጊዜ ጫጫታው ቆመ። ከዚያ ዳቦ ጋጋሪው መጣ፣ ድምፁ በደስታ ሰፍቶ። «ከአባባ ቤት! ጥርት ብሎ ይገባል፣ አጠገቤ የተቀመጥክ ነው የምትመስለው። እሳቸው ግን አይደሉም፤ ማን ልበል?»

ቁልፉን ተጫንኩ። «ጠጋኙ ነኝ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ያልኩትን እኔም አልሰማሁትም፤ አገጬ ደረቴ ላይ ወርዶ፣ ቃሉን ለራሴ አጉተመተምኩት። ቁልፉን ስለቅቅ ሹፌሩ ገባ። «መጨረሻው አልያዘልኝም። አባባ ምን ሆኑ ነው ያልከው? እባክህ ድገምልን፤ ደኅና አይደሉም እንዴ?»

አማቴ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። ሁለት ጣታቸውን አገጬ ሥር አድርገው ፊቴን ከደረቴ አነሱት። ማይኩን ከአፌ አንድ ስንዝር አራቁልኝ። ከዚያ በዚያ ሠላሳ አራት ዓመት መናኸሪያውን ባስተዳደረ ድምፅ፣ አንድም ፊደል ሳትጎድል፣ «ቀና በል» አሉኝ። «ቃል አትዋጥ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከፊት አድርገው፤ ሰው መጀመሪያ የሚሰማውን ነው የሚይዘው።»

ተጫንኩት፤ እንዳሉኝ ከፊት ጀመርኩ።